አንድ ቀን የዘገየው ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር

ጋሽ በዛብህ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ጡረታ ከወጣ ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ የመጋዘናችን ዘበኛ ግን ዛሬም መዝገብ ላይ ሳያስፈርም ያስገባዋል። ኮፍያውን አውልቆ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጤናዬን ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቺኑ ነገር ይለምነኛል።

«ሳምሪ፣ አንድ ቀን ብቻ ወደ ኋላ መልሺልኝ። ኪሎ ሜትሩ እንደሆነ ያው ነው።»

አይሆንም እለዋለሁ። ሲስተሙ ተዘግቷል እለዋለሁ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄድና በሳምንቱ ይመለሳል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «አበደ» የሚሉ አሉ። አላበደም። ቢያብድማ ኖሮ እኔም ቀለል ባለኝ።

የሚለምነኝ ነገር እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ። እኔ ጅግጅጋ ባለው የመድኃኒት መጋዘን የስምሪት ሠራተኛ ነኝ፤ የትኛው መኪና ምን ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ የምመድበው እኔ ነኝ። እሱ ሙቀት የሚያበላሸውን መድኃኒት በበረዶ ሣጥን የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ከጅግጅጋ ተነስቶ ካራማራን ይወጣል፣ በባቢሌና በሐረር አልፎ ድሬዳዋ ያድራል፣ በማግስቱ በሽንሌ፣ በኤረር አድርጎ አፍደም ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ብልቃጥ ክትባት በእጁ ሞቆ አያውቅም።

ጅግጅጋ ተወልዶ ጅግጅጋ ያረጀ ሰው ነው። አባቱ በጃንሆይ ጊዜ ከመንዝ የመጡ ወታደር ነበሩ። ልጃቸው አማርኛን ከቤት፣ ሶማልኛን ከደጅ ተምሮ፣ በአማርኛ የሚጸልይ በሶማልኛ የሚሳደብ ሰው ወጣው። አግብቷል፤ እግዜር ግን ልጅ አልሰጠውም። ለመኪናዋ «ሙሽሪት» ብሎ ስም አውጥቶላት ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ «ይቅርታ እመቤት» ይላታል፣ ሌላ ሹፌር መሪዋን ሲነካ ደግሞ ሚስቱን የነኩበት ያህል ይቆጣል። እኔን ደግሞ «ወረቀቷ» ነበር የሚለኝ። ወረቀት ስለምወድ።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጅግጅጋ ስትታመስ፣ ጎረቤቱ ሆዮ ሳዳ፣ ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲያ ነው፣ እሱንና ባለቤቱን አራት ቀን ጓዳዋ ደበቀቻቸው። በሁለተኛው ቀን ጎረምሶች ዱላ ይዘው ሲመጡ በሯ ላይ ቁጭ ብላ «እዚህ ቤት ያለው አደራዬ ነው። አደራዬን የሚፈልግ በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ» አለቻቸው። ማንም አልተራመደባትም። ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበረችው ልጇ ማርዎ ውሃና ዳቦ ታቀብላቸው ነበር። ጋሽ በዛብህ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያለቅሳል። ዱላው ላይ አይደለም፣ ዳቦው ላይ ነው። «ከተማው ሁሉ ዘግቶ እሷ ትኩስ ዳቦ አመጣችልን። ከየት እንዳገኘችው እስከ ዛሬ አላውቅም» ይላል።

ማርዎ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመረቀች። በምረቃዋ ቀን ጋሽ በዛብህ ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ያላት የእጅ ሰዓት ገዛላት፤ «የሕፃናቱን የልብ ትርታ ትቆጥሪባታለሽ» ብሎ። ምደባዋ ጎብዴር ሆነ። ጎብዴር ረጅም ቁርቁራ ማለት ነው፤ ከኤረር ወደ አፍደም ሲሄዱ ከዋናው መንገድ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ ያለች መንደር ናት። ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ ስልክ የሚሠራበት አንድ ኮረብታ። አዋላጅ ከዚያ በፊት ኖሯት አያውቅም። ማርዎ የምትሄድ ቀን ሆዮ ሳዳ ሻንጣዋን ሙሽሪት ላይ አስጭና ጋሽ በዛብህን በሁለት እጇ ትከሻውን ያዘችው።

«መንገዱ ያንተ ነው፣ በዛብህ። ልጄን አደራ።»

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ መገንጠያዋ ጋ ሲደርስ መሪውን ይጠመዝዛል። አሥራ ስምንት ገብቶ አሥራ ስምንት ይወጣል፤ ሠላሳ ስድስት። በስምሪት ወረቀቴ ላይ ያልነበረች፣ ግን ሁላችንም የምናውቃት ሠላሳ ስድስት። መድኃኒቱን፣ የእናቷን ስንቅና የጅግጅጋን ሐሜት ያራግፍላታል፤ ሲመለስ ምጥ የጠናባት ሴት ካለች አሳፍሮ ኤረር ያደርሳል። ማርዎ «አዴር» ነበር የምትለው፣ አጎቴ ማለት ነው። እሱ «ልጄ» ይላታል።

ፕሮጀክቱ በ2016 መጣ። ፋኑኤል የሚባል ጨዋ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ በስብሰባ አዳራሻችን ሁለት ቀን አስተማረን። ሕመም እናክማለን እያልን ጭስ በማብዛት አየሩን ማሳመም የለብንም አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመኪኖቻችን የሚወጣውን ካርቦን በሲሶ እንድንቀንስ ቃል ተገብቷል አለ። ቃሉን ማን እንደገባልን አልጠየቅኩም፤ እኔ አልነበርኩም፣ ማርዎም አልነበረችም። ነገሩ ግን እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው። በ2013፣ በ14፣ በ15 ዝናቡ እየተከታተለ ሲቀር ከሽንሌ እስከ አፍደም መንገድ ዳር የተጋደመውን ከብት ያየ ሰው የአየሩ ነገር ወሬ ነው አይልም።

ጋሽ በዛብህ ደግሞ ከሁላችንም በላይ አይቶታል። እጁን አወጣ።

«ታዲያ እኔም አለሁበት በለኛ! ሙሽሪት የምታጨሰው ጭስ የነዚህን ሰዎች ዝናብ ነክቷል ማለት ነው?»

ፋኑኤል የአንድ መኪና ጭስ ከቁጥር እንደማይገባ፣ የአገራችን ድርሻ ራሱ ኢምንት እንደሆነ፣ ግን ሁሉም የድርሻውን እንደሚወጣ አስረዳው። ጋሽ በዛብህ የሰማው የፈለገውን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሆነ። ቆሞ ሞተር አያስነሳም፣ ጎማ በየጠዋቱ ያስለካል፣ ነዳጅ በማንኪያ የሚሰፍር ይመስል ረገጥ አያደርግም። በረመዳን እንደሚጾም ሰው ነበር የሚነዳው። «እነዚያን ከብቶች ልክሳቸው» ይለኝ ነበር። እስቅበት ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ቅጹ ነው። መኪኖቹ ላይ መከታተያ ተገጠመ፤ የሄዱበት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስክሪኔ ላይ ይመጣል፣ እኔ ወደ ካርቦን ቀይሬ እልካለሁ። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከዚያ በላይ የማይነዳበት የወር የኪሎ ሜትር ጣሪያ ተሰጠው። ጎብዴር መግባት ተከለከለ፤ ዕቃዋ መገንጠያው ላይ እየቀረ ማርዎ መጥታ ትውሰድ ተባለ። ጎብዴር በላምባ የምትሠራ አሮጌ ማቀዝቀዣ ነበረቻት፤ ታጨሳለች ተብላ ተነሳች። በምትኩ የፀሐይ ማቀዝቀዣ መጣ፤ ሲገጠም አንድ መሣሪያ ጎደለው። «ይላካል» ተባለ። አሥር ወር ሙሉ «ይላካል» እየተባለ ያ የሚያምር ነጭ ማቀዝቀዣ የማርዎ የመዝገብ ማስቀመጫ ሆነ። ስለዚህ ሙቀት የማይወደው መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመው መርፌ፣ በየወሩ በበረዶ ሣጥን በጥቂት በጥቂቱ መድረስ ነበረበት።

በመጀመሪያ ጋሽ በዛብህ እምቢ ብሎ ይገባ ነበር። «ጋሼ፣ ያቺ ጎብዴርህ ታስበላናለች» እለዋለሁ። እየቆየ ሲሄድ በሁለት ወር አንዴ አደረገው። በቀረው ወር ሣጥኑን መገንጠያው ላይ ሙልኪ ጋ ይተዋል፣ ማርዎም በግመል ወተት መኪና መጥታ ትወስዳለች። ሙልኪ በዚያች መገንጠያ የቆርቆሮ ሻይ ቤት ያላት ሴት ናት። በዚያ መንገድ የላከም የተላከለትም እሷ ጋ ነው የሚገናኘው፤ ወተቱም፣ መልእክቱም፣ የሙሽራ ልብሱም እሷ ጋ ያድራል። አንድ ጀሪካን ጠፍቶባት አያውቅም።

በ2017 ጥር አጋማሽ ማርዎ ኮረብታው ላይ ወጥታ ደወለችለት። እርጉዝ ነበረች፣ የመጀመሪያዋ። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል። የካቲት ሲገባ ድሬዳዋ ወርዳ ልትወልድ አስባ ነበር።

«አዴር፣ የዚህን ወር ራስህ አምጣልኝ» አለችው። «ከብጃለሁ፣ ወተት መኪና ላይ መንጠልጠል አልቻልኩም። ደም የሚያቆመው መርፌ ደግሞ አልቆብኛል። በዚህ ወር ሰባት ሴቶች ይወልዳሉ፣ እኔን ሳትጨምር።»

«ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ፣ ልጄ» አላት። ስልኩን የዘጋው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ስለነበር ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም።

ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ረቡዕ፣ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ድሬዳዋ አድሮ፣ ሽንሌንና ኤረርን ጨርሶ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከመገንጠያው ደወለልኝ። የወሩ ሪፖርት የሚዘጋው ዓርብ ነው። አፍደም ደርሶ ቢመለስ ከጣሪያችን የሚተርፈን ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከፕሮጀክቱ ሰዎች ፊት ቆሜ ውጤታችንን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሰዎቹ፣ ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ፣ የመጡት በአውሮፕላን ነው።

«ሳምሪዬ፣ መገንጠያው ላይ ነኝ። ልግባ?»

«ጋሼ፣ ከገባህ በአሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ጣሪያውን እናልፋለን። ሙልኪ ጋ ተወው።»

«ልጅቷ ከብዳለች እኮ።»

«ቀኗ የካቲት ነው ብለኸኝ የለ? ከወተት መኪናው ጋቢና ትቀመጥና ትምጣ።»

ሙሽሪት ሞተሯ ጠፍቶ ነበር፣ ነፋሱ ይሰማኛል። የት ቦታ እንደሚያመው አውቅ ነበርና እዚያው ላይ ያዝኩት።

«ደግሞስ ዝናቡ ዝናቡ የምትለው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እውነትሽን ነው» አለኝ።

በዚህ ብቻ ባበቃ ምን ነበረበት። ባለፈው ዓመት ሁለት ሣጥኖች ያለ ፊርማ ጠፍተው ጥያቄ ላይ ወድቄ ስለነበር፣ «ከማርዎ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስጠንቅቃት» አልኩት። እሺ አለ። ከዚያ ለራሱ ይሁን ለእኔ፣ «ዛሬ ማርያም ናት፣ ምንም አትሆንም» ብሎ ዘጋው።

ሙልኪ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ወላሂ፣ ከማርዎ እጅ በቀር» አለችው። ሣጥኑን ጥላ ውስጥ አስገብታ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው። እሱ ወደ አፍደም ነዳ። ያን ቀን ከመገንጠያው ማዶ ኔትወርክ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ የሰማሁት ከሙልኪና የጎብዴር ጤና ጣቢያ ዘበኛ ከሆነው ከሮብሌ ነው። ማርዎን ምጥ የያዛት ያን ዕለት ንጋት ላይ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ቀድሞ። ሮብሌን በወተት መኪናው ላከችው። ቀትር አልፎ ሙልኪ ጋ ደረሰና ሣጥኑን ስጪኝ አላት።

«ሮብሌ፣ አውቅሃለሁ። አደራው ግን የሷ ነው። በሷ እጅ ተብያለሁ፣ ምያለሁ።»

«ምጥ ላይ ናት እኮ!»

እዚያ መንገድ ላይ መድኃኒት የፈለገ ሰው ሁሉ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት ነው የሚለው፤ ወስዶ የሸጠም አለ። ሙልኪ ሮብሌን አመነችው፣ ነገር ግን መሐላዋንም ማፍረስ አልቻለችም። ጋሽ በዛብህ ጋ ደወለች፤ አይሰራም። ሻይ የሚጠጣ አንድ ማንበብ የሚችል ሰው ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስልክ አነበበላትና እዚያ ደወለች። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስልክ የኔ ነው።

ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጋር በተሰበሰብንበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቆሜ «የጅግጅጋ ቅርንጫፍ» እያልኩ ነበር። የማላውቀው ቁጥር ደወለ፣ ቆረጥኩት። ደገመ፣ ቆረጥኩት። በሦስተኛው ስልኬን አጠፋሁት። ሰው አጨበጨበልኝ።

ሮብሌ ሞተር ሳይክል ለምኖ ወደ ጎብዴር ተመለሰ። ማርዎ ሲነግራት ሙልኪን አልተቆጣቻትም፤ በምጡ መሃል የእጅ ሰዓቷን ፈታ «ይህን አሳያት፣ ታውቀዋለች» አለችው። በዚያ አገር ሰው ራሱ መሄድ ሲያቅተው ምልክቱን ይልካል። ሙልኪ ያቺን ቀይ ሰከንድ ስታይ ሣጥኑን አንስታ ራሷ ሞተሩ ላይ አሰረችለት። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትሩን ሦስት ጊዜ አቋርጦ በአራተኛው ጎብዴር ሲደርስ ሕፃኗ ተወልዳለች። ደሙም አልቆመም። የጎብዴር ብቸኛ አዋላጅ እዚያው አልጋ ላይ የተኛችው ነበረች። ሆዷን እንዴት እንደሚያሹላት፣ መርፌው የት ላይ እንደሚወጋ ለጎረቤት ሴቶች የነገረቻቸው ራሷ ናት፣ ድምፅዋ እስኪያልቅ። መርፌው ተወጋ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ማርዎ ሞተች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

እስቲ ይህን አስቡልኝ። ሆዮ ሳዳ በሯ ላይ ሆና አደራዬን አልሰጥም ስላለች ጋሽ በዛብህ ዳነ። ሙልኪም በሯ ላይ ሆና አደራዬን አልሰጥም አለች፣ የሳዳ ልጅ ሞተች። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ልክ ያልነበረችው ወረቀቷ ናት፣ እኔ።

ሐሙስ ጋሽ በዛብህ ከአፍደም ሲመለስ ከገበያው ለሕፃን የሚሆን ቢጫ ብርድ ልብስ ገዝቶ ነበር። እንደ ምንም ብዬ ሳምሪን አስፈቅጄ እገባለሁ እያለ ነው የመጣው። መገንጠያው ላይ ሙልኪ ሻይ አላፈላችም። መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«አደራህን ጠበቅኩ፣ አዴር» አለችው። «ጠብቄ ጠብቄ ገደልኳት።»

ማንንም አላስፈቀደም። መሪውን ጠመዘዘና ገባ። ማርዎ ያን ጠዋት ተቀብራ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ሕፃኗንና እሷን አቅፋ የምትይዝለትን የሮብሌን ሚስት አሳፍሮ ወጣ። አሥራ ስምንት ገባ፣ አሥራ ስምንት ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ስክሪኔ ላይ ቀይ መስመር ጠበቀኝ፤ ሐሙስ፣ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ከመስመር ውጭ። ጣሪያውን በአሥራ ስድስት አለፍን። እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ማንም የነገረኝ አልነበረም። ደሜ ፈላ። «ይሄ ሽማግሌ እልኸኛ ነው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሲስተሙ ምክንያት ካልተሞላ አይዘጋም፤ የሚመረጡት አራት ናቸው፦ የመኪና ብልሽት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የጸጥታ ችግር፣ ያልተፈቀደ ጉዞ። ቀብር የሚል የለበትም። አራተኛውን መርጬ ላክሁት፤ ተቆለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሪት ግቢ ስትገባ ሰማሁና የምናገረውን አሰናድቼ ጠበቅኩት። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ቀና ሳልል ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ስድስቷን ምን አድርጌ ልሸፍናት? ንገረኝ እስቲ!»

ቀና አልኩ። ቢጫ ብርድ ልብስ አቅፏል። ብርድ ልብሱ ውስጥ ፊት አለ።

«ሆዮ ሳዳ ደጅ ብቻዬን መድረስ አቃተኝ» አለኝ። «አብረሽኝ ነይ።»

ሄድኩ። ከቢሮዬ እስከዚያ ቤት ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ጋሽ በዛብህ የሆነውን ሁሉ በሩብ ሰዓት ነገረኝ። እኔን አልወቀሰኝም። አንድም ጊዜ «አንቺ ነሽ» አላለኝም፣ እስከ ዛሬም አላለኝም። ምነው ባለኝ። ሆዮ ሳዳ ያው በሯ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ሕፃኗን አየች፣ ፊቷ በራ፣ ከኋላችን ሰው ፈለገች።

«እናቷስ?»

ጋሽ በዛብህ ሕፃኗን እንዳቀፈ ተንበረከከ። «አደራሽን በላሁ፣ ሳዳ» አላት።

የሩዙ ሰፌድ ተገለበጠ። እንዴት እንደጮኸች አልጽፈውም፤ ጆሮዬ ውስጥ ስላለ ይበቃኛል። ጩኸቷ ሲያልቅ ሕፃኗን ከእጁ ወሰደች። እሱን ወደ ቤት ግባ አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም። እዚያው ደጁ ላይ እስኪመሽ ቁጭ ብሎ ቆየ።

ሕፃኗን ነጅማ አሏት። ከአሥር ቀን በኋላ የጎብዴር ማቀዝቀዣ የጎደለው መሣሪያ ተላከ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አጣሪዎች መጡ፣ ምክንያት ፈለጉ፣ «የቅንጅት ክፍተት» ብለው ጽፈው ሄዱ። እኔም ጥፋቴን ተናግሬ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ አልገባም። ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር በሙሽሪት ምን ያህል ካርቦን እንደሚሆን ደግሞ በገዛ እጄ አሰላሁት። አሥራ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። እሱም አልቀረልንም። መኪናዋ ያንኑ መንገድ ሄዳለች፣ ያንኑ ጭስ አጭሳለች፤ በአንድ ቀን ዘገየች እንጂ።

ጋሽ በዛብህ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ነድቶ ጡረታውን ጠየቀ። ሙሽሪትን ሲያስረክብ አጥቦ ነው ያስረከበው። ቀልዱ ጠፋ። «ወረቀቷ» ማለትም ተወ፤ ሳምሪ ብቻ ይለኛል። ከዚያ ነው ሐሙስ ሐሙስ መምጣት የጀመረው።

«ሐሙስ መግባቴ ተጽፏል አይደል? ረቡዕ አድርጊልኝ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «በወረቀት እንኳ ልድረስላት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ሁለቱንም ነኝና ስንት ሐሙስ አይሆንም አልኩት። ባለፈው ሐሙስ ግን ሲመጣ ከስቶ፣ ጫማውን አንዱን ከአንዱ አቀያይሮ አድርጎ ነበር። አንጀቴ አልቻለም። ከሄደ በኋላ የጥርን ሰንጠረዥ አወጣሁ፣ ከሲስተሙ ውጭ ቀዳሁት፣ ሐሙስ የሚለውን ረቡዕ፣ ጥር ሃያ ሁለት የሚለውን ጥር ሃያ አንድ አደረግሁት። «ያልተፈቀደ» የሚለውን አጥፍቼ «የተፈቀደ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈርሜ ማኅተም አደረግሁበት። የውሸት ወረቀት ነው፤ በሥራ ዘመኔ የጻፍኩት እንዲህ ያለ ወረቀት ይሄ ብቻ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጤናዬን ጠየቀ። ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ረቡዕ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ፊቱ ፈታ አለ። ከዚያ ጥር ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ጥሩ ነገር ሠራሁ ብዬ ልቤ ሊያርፍ ነበር።

«ረቡዕ ገብቻለሁ» አለ።

«አዎ ጋሼ፣ ገብተሃል።»

«ሣጥኑን ለእጇ ሰጥቻታለሁ።»

«ሰጥተሃታል።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ሊከተው ጀመረና መሃል ላይ ተወው። ቀስ ብሎ መልሶ ዘረጋው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ አላዋቂ አዋቂን እንደሚጠይቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ታዲያ ልጄ ለምን ሞተች?»